የሻለቃው ሣጥን

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጨዋታ በኋላ ለቴኒስ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ቃል በቃል አልገለበጥኩትም። ቀልዱን ቀነስኩ፣ በችኮላ የዘለልኩትን ጨመርኩ።

እንደምን ዋላችሁ። ላባችሁ ሳይደርቅ ስላስቀመጥኳችሁ ይቅርታ። ቡናው እስኪፈላ የምንጫወተው ቴኒስ እንዴት እንደተወለደ ላውራችሁ።

መጀመሪያ ይቺን ያዙልኝ። ከቀኝ በኩል ጀምራችሁ ተቀባበሏት። ትናንት ማታ በመጋዝ ለሁለት የሰነጠቅኳት የቴኒስ ኳስ ናት። ግማሿ ቤት ቀርቷል። ውስጧን እዩልኝ። ባዶ ናት። ግድግዳዋ ጎማ ነው፤ ከላይ ፀጉራም ጨርቅ ለብሳለች። ልጅ ሆኜ ኳስ ለቃሚ ነበርኩ። ፀጉሯ ያለቀ ኳስ ለእኛ ትተርፍ ነበር። መላጣ ኳስ የመታ ሰው ያውቀዋል፤ ሲፈልጋት ታመልጣለች፣ ሲያሽከረክራት እምቢ ትላለች። ያኔ ይህ ሁሉ ቁም ነገር ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። አሁን ግን ከምነግራችሁ ታሪክ ግማሹ እዚህች ኳስ ውስጥ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳታደናግሩኝ።

«ሜዳ ቴኒስ» ለምን እንላለን? ከጠረጴዛ ቴኒስ ለመለየት ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። እንግሊዞቹ ግን ጨዋታው ሲወጣ «የሣር ቴኒስ» ያሉት ከሌላ ቴኒስ ለመለየት ነበር። የጠረጴዛው ገና አልተወለደም። ያ ሌላው ቴኒስ የነገሥታቱ ነው። በአራት ግድግዳ ውስጥ፣ ጣሪያ ስር፣ ድንጋይ ወለል ላይ የሚጫወቱት። ከፈረንሳይ የመጣ ነው። «ቴኒስ» የሚለው ቃልም ከፈረንሳይኛው «ተኔ» እንደመጣ ይነገራል፤ «እንካ፣ ያዝ» እንደማለት፣ ሰርቭ የሚያደርገው፣ ማለትም ኳሷን መትቶ ጨዋታውን የሚያስጀምረው ሰው ሲጮህ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥቱ ይጫወተው ነበር። በ1789 የፈረንሳይ የሕዝብ ተወካዮች ሕገ መንግሥት ሳናወጣ አንበተንም ብለው የማሉትም ቬርሳይ ውስጥ እንዲህ ባለ የቴኒስ ቤት ነው።

ያ ጨዋታ ከቤት ሊወጣ አይችልም ነበር። ኳሱ ጨርቅና ሱፍ የታጨቀበት ነው። ድንጋይ ላይ ይነጥራል። ሣር ላይ ጣሉት፣ እንደ ድንች እዚያው ይቀራል። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ሣር ያኔ ዛሬ በቴሌቪዥን እንደምናየው ምንጣፍ አልነበረም። ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ፣ በረጅም ማጭድ ነበር የሚታጨደው። ጥሩ አጫጅ የሚቀጥር ሀብታም ብቻ ነው ለስላሳ ሜዳ የነበረው።

እዚህ ጋ ኤድዊን በዲንግ የሚባል መካኒክ ይገባል። ግሎስተርሺር በሚባለው፣ ሱፍ በሚሸመንበት አገር ይሠራ ነበር። ፋብሪካዎቹ ውስጥ በጨርቁ ላይ የሚቆመውን ፀጉር የሚላጭ ማሽን አለ፤ በሚሽከረከር በርሜል ላይ የተጠመዘዙ ስለቶች ያሉት። በዲንግ አየውና «ይሄ ጨርቅ ከላጨ ሣርስ ለምን አይላጭም?» አለ። በ1830 የሣር ማጨጃ ማሽኑን ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማለት ነው፣ አወጣ። ጎረቤት እብድ ነው እንዳይለው በሌሊት እየወጣ ይሞክረው ነበር ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ እኔ ግን ሰውዬውን ወድጄዋለሁ።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ጥሬ ጎማ በሙቀት ይቀልጣል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ከድኝ ጋር አዋህዶ ሲያበስለው ጎማው ፀባይ ያዘ። በ1844 ፓተንቱን አገኘ። ስሙን መኪናችሁ ጎማ ላይ ታውቁታላችሁ። ኩባንያው ግን የሱ አይደለም። እሱ በ1860 ዕዳ ውስጥ እንዳለ ሞተ፤ ኩባንያው የተቋቋመው በ1898 ነው፣ ስሙን ተውሶ። እንግሊዝ ውስጥም ቶማስ ሃንኮክ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ፓተንት ወስዷል። ከዚህ በኋላ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ሣር ላይ የሚነጥር ኳስ መሥራት ተቻለ።

ሦስተኛው ክሮኬ የሚሉት ጨዋታ ነው። የእንጨት ኳስ በእንጨት መዶሻ እየገፋህ በሽቦ ቅስት ስር ታሳልፋለህ። በ1860ዎቹ እንግሊዝ አገር ጓሮ ያለው ሁሉ ክሮኬ ይጫወት ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሴትና ወንድ አንድ ሜዳ ላይ፣ እናት ከሩቅ እያየች፣ በጨዋ ደንብ የሚገናኙበት ነበር። ኳሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው። ለዚህ ሲባል በየጓሮው ሣሩ ተስተካክሎ፣ ተላጭቶ፣ ተዳምጦ ይጠብቃል። እንግዲህ ሜዳው አለ፣ ማጨጃው አለ፣ ጎማው አለ። የቀረው ሰው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከበርሚንግሃም ናቸው። አንዱ ሃሪ ጌም ነው፣ ጠበቃ። ሌላው ኦጉሪዮ ፔሬራ፣ በትውልዱ ስፔናዊ የሆነ ነጋዴ። ሁለቱም ራኬትስ የሚባለውን የግድግዳ ጨዋታ ይወዱ ነበር። ግን አዳራሹ ውድ ነው። ስለዚህ ኤጅባስተን በሚባለው ሰፈር፣ ፔሬራ ቤት ጓሮ ያለው የክሮኬ ሣር ላይ መረብ ወጥረው በራሳቸው መንገድ መጫወት ጀመሩ። ጊዜው ከ1859 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። በ1872 ሁለቱም ሌሚንግተን የምትባል ከተማ ገቡ፤ እዚያ ከሁለት ወጣት ሐኪሞች ጋር ሆነው በዓለም የመጀመሪያ የሚባለውን የሣር ቴኒስ ክለብ መሠረቱ። ጌም ደግሞ ጨዋ ሰው ነው። ኋላ ላይ ማነው የፈጠረው የሚል ክርክር ሲነሳ፣ ምስጋናው ለስፔናዊው ወዳጄ ነው ብሎ ጻፈ። ይህን የሚያደርግ ጠበቃ ስንት አይታችኋል?

ግን ጌምና ፔሬራ አንድ ነገር አላደረጉም። አልሸጡትም። ለራሳቸው ተጫወቱ፣ ለወዳጅ አሳዩ፣ በቃ።

የሸጠው ሻለቃ ዋልተር ክሎፕተን ዊንግፊልድ ነው። ዛሬ በዋናነት የማወራችሁ ስለሱ ነው። በ1833 ዌልስ የተወለደ፣ ጺማም፣ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ በ1860 ቻይና የዘመተ መኮንን። ከጥንት ባላባት ነው የምወለደው እያለ የሚኩራራ፣ ኪሱ ግን ከኩራቱ ጋር ያልተመጣጠነ። እንዲህ ዓይነት ሰው በየዘመኑ አለ፤ እኛም ሰፈር ይኖራል።

ዊንግፊልድ በፌብሩዋሪ 1874 «ጥንታዊውን የቴኒስ ጨዋታ ለመጫወት የሚሆን አዲስና የተሻሻለ ሜዳ» ብሎ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። ልብ በሉ፣ ጨዋታውን ፈጠርኩ አላለም። ሜዳውን ነው ያለው። ከዚያ ሣጥን አሠራ።

ሣጥኗን እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ እዩልኝ። ቀለም የተቀባች የእንጨት ሣጥን ናት፣ ርዝመቷ አንድ ሜትር የማይሞላ። ስትከፍቱት አራት ራኬት አለ። ከረጢት ሙሉ የጎማ ኳስ አለ፣ ፀጉር የሌለው፣ መላጣ። መረብ አለ፣ ቋሚዎች አሉ፣ ችካልና ገመድ አለ፣ ችካሉን የምትመቱበት መዶሻ አለ። ከላዩ ደግሞ ቀጭን የመመሪያ መጽሐፍ። ሰው ሣጥኑን ይዞ ወደ ክሮኬ ሜዳው ወጥቶ፣ በጥቂት ደቂቃ ተክሎ፣ ያንኑ ከሰዓት መጫወት ይችላል። ክረምት ላይ ሜዳው በረዶ ሲሆን በስኬት ጫማ መጫወት ይቻላል ብሎ እስከመጻፍ ደርሷል። ነጋዴ ነው እንግዲህ።

ዋጋው አምስት ጊኒ ነበር። አንድ ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው። የገጠር የቀን ሠራተኛ በወር የማያገኘው ገንዘብ ነው። ቢሆንም ተሸጠ። ከ1874 አጋማሽ ጀምሮ ባለው አንድ ዓመት ብቻ ከ1,000 በላይ ሣጥን ወጣ። ከገዢዎቹ ውስጥ መሳፍንትና መኳንንት ነበሩ፤ አልጋ ወራሹም ሳይቀር።

ሁለት ነገር ግን አበላሸ። አንዱ ስሙ ነው። ከግሪክኛ ቆፍሮ «ስፌይሪስቲኬ» አለው፣ የኳስ ጥበብ እንደማለት። ማን ይጥራው? ሰዉ አሳጥሮ «ስቲኪ» አለው። በእንግሊዝኛ «የሚጣበቅ» ማለት ነው። ምስኪን! ዊንግፊልድ ራሱ «የሣር ቴኒስ» የሚለውንም አብሮ ስላስቀመጠ ያኛው ቀረ።

ሌላው የሜዳው ቅርጽ ነው። መቀነት ጥብቅ አድርጎ እንደታጠቀ ሰው፣ ጫፍና ጫፉ ሰፊ፣ መረቡ ጋ ወገቡ የጠበበ ነበር። ጫፉ 30 ጫማ፣ ወገቡ 21 ጫማ። ብዙዎች የሚሉት ለፓተንቱ ሲል ነው፤ አራት ማዕዘን ሜዳ የኔ ነው ማለት አይቻልማ። ነጥቡም እስከ 15 ነበር፣ ነጥብ የሚያገኘውም ሰርቭ ያደረገው ብቻ። 15፣ 30፣ 40 ያኔ አልነበረም።

አሁን ወደዚያች ኳስ እንመለስ። የት ደረሰች? ጥሩ፣ ተቀባበሏት። የሻለቃው ኳስ መላጣ ነበር ብያችኋለሁ። በዚያ ዘመን ጆን ሞየር ሄዝኮት የሚባል ሰው አለ፣ በድሮው የቤት ውስጥ ቴኒስ የታወቀ። መላጣው ኳስ እጁ አልገባ አለው። ቀላል ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ እርጥብ ሣር ላይ ይንሸራተታል። ሚስቱ ነጭ ፍላኔል ሰፍታ አለበሰችለት። ይኸው ነው። መርፌና ክር። ኳሱ ክብደት አገኘ፣ ራኬቱ ላይ ያዝ አደረገ፣ መሽከርከር ጀመረ። ሄዝኮት በዲሴምበር 1874 ለአንድ የስፖርት መጽሔት ጻፈው፣ ሰውም ተከተለው። ዛሬ ስፒን የምንለው ነገር ሁሉ ያለዚያ ጨርቅ የለም። ስለሻለቃው ይሄ ሁሉ ተጽፏል፤ የመርፌዋን ባለቤት ግን የሚያነሳት የለም። ይህ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

መጽሔቱን ጠቀስኩ። ስሙ «ዘ ፊልድ» ነው፤ በኛ ቋንቋ «ሜዳ» ማለት ነው እንግዲህ። ማን ፈጠረው የሚለው ጠብ፣ የኳሱ ነገር፣ የመረቡ ከፍታ፣ ሁሉም ክርክር እዚያ ገጽ ላይ ነው የተካሄደው። በ1868 ጁላይ ላይ ስድስት ሰዎች የክሮኬ ክለብ ያቋቋሙትም በዚሁ መጽሔት ቢሮ ተሰብስበው ነው። አንዱ የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ዎልሽ ነበር።

1868 ስል የናንተም ልብ ሳይመታ አልቀረም። መቅደላ የወደቀችው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ነው። ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ የደረሰው በዚያው ጁላይ ነው። ልጁን ከቴኒስ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ እያልኩ አይደለም። ግን ይህን ዘመን ባነበብኩ ቁጥር እሱ ይመጣብኛል። ራግቢ ትምህርት ቤት በገባበት በ1874 ሻለቃው ሣጥኑን ይሸጥ ነበር። ኖቬምበር 1879 ሊድስ ከተማ ሲያርፍ ዊምብልደን የሚባለው ትልቁ የቴኒስ ውድድር ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሷል። ያች እንግሊዝ፣ የሣጥኗ እንግሊዝ፣ እሱ ያደገባት እንግሊዝ ናት።

ወደ ክሮኬ ክለቡ እንመለስ። ዊምብልደን ውስጥ ወርፕል ሮድ በሚባል መንገድ ዳር መሬት ተከራዩ። ክሮኬው ግን ሞቅታው አለፈ፣ ገንዘብ ጠፋ። በ1875 አንዱን ሜዳ ለቴኒስ ሰጡ። በ1877 የክለቡ ስም ላይ ቴኒስ ተጨመረ። በዚያው ሰሞን ሣሩን የሚዳምጠው፣ ፈረስ የሚጎትተው ሮለር ተሰበረ ይባላል። ማሠሪያ ገንዘብ የለም። እንግዲያው ውድድር እናዘጋጅ አሉ። በዓለም ትልቁ የቴኒስ ውድድር የተጀመረው ሮለር ለማሠራት ነው ማለት ነው። እንደ ዕድር መዋጮ።

ማስታወቂያው ጁን 9 በመጽሔቱ ወጣ። መግቢያ አንድ ጊኒ። ራኬት ይዞ መምጣት፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ ማድረግ ግዴታ። ተረከዙ ሣሩን እንዳይወጋ ነው። ሕጉን የሚጽፉ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ ዋናው ሄንሪ ጆንስ ነው፣ በካርታ ጨዋታ ሕግ አዋቂነቱ የታወቀ ሐኪም። እነዚህ ሰዎች የሻለቃውን ወገብ ፈቱት። ሜዳው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆነ፣ 78 ጫማ በ27። በሜትር 23.77 በ8.23። ዛሬ እኛ ነጠላ የተጫወትንበት መስመር ያው ራሱ ነው። ከድሮው የቤት ውስጥ ቴኒስ ደግሞ 15፣ 30፣ 40ን አመጡ። የመጀመሪያ ሰርቭ ቢበላሽ ሁለተኛ ዕድል እንዲኖርም አደረጉ።

የሻለቃው ፓተንትም በዚያው 1877 ጊዜው አለፈ፣ አላሳደሰውም።

ጁላይ 9 ተጀመረ። 22 ወንዶች ተመዘገቡ። ፍጻሜው ለሰኞ ጁላይ 16 ነበር፤ ዝናብ አላስጨረሰም፣ ሐሙስ 19 ሆነ። ወደ 200 የሚጠጋ ተመልካች አንድ አንድ ሺሊንግ ከፍሎ ገባ። መረቡ ጎንና ጎኑ አምስት ጫማ ሆኖ መሐሉ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ኳሱን በመሐል ነው የሚልከው። ስፔንሰር ጎር የራኬትስ ተጫዋች ነበር። ይህን አየና ወደ መረቡ ሮጦ እየሄደ ኳሱን በአየር ይመታው ጀመር። ዊልያም ማርሻልን 6-1፣ 6-2፣ 6-4 አሸነፈው። 48 ደቂቃ ፈጀ።

የሚያስቀኝ ጎር ጨዋታውን አለመውደዱ ነው። በ1890 ስለ ሣር ቴኒስ ሲጽፍ አሰልቺ ነው አለ። ክሪኬት በደንብ የተጫወተ ሰው ይህን ጨዋታ የምሩን ይዞ ይቀጥላል ብሎ እንደማያምን ጻፈ። የመጀመሪያው የዊምብልደን ሻምፒዮን!

በቀጣዩ ዓመት ፍራንክ ሃዶ መጣ። ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ ውስጥ ቡና የሚያለማ ሰው ነው፣ ለዕረፍት ነው የመጣው። ጎር መረቡ ጋ ቆሞ ሲጠብቀው፣ ኳሱን በራሱ ላይ አሳልፎ ከኋላው ጣለለት። ሎብ። አንድም ዙር («ሴት» የሚሉትን) ሳይሸነፍ ውድድሩን ጨርሶ ዋንጫውን ወሰደ፣ ወደ ቡናው ተመለሰ። ሻምፒዮንነቱን ሊያስጠብቅ አልመጣም። የሲሎን ቡና ብዙም ሳይቆይ በዝገት በሽታ አለቀ፤ አገሩ ወደ ሻይ የዞረው ያኔ ነው። ሃዶ ግን በ1926 በኢዮቤልዩው ሜዳልያ ሊቀበል ዊምብልደን ታየ።

1879 ደግሞ የቄሱ ነው። ጆን ሃርትሊ ዮርክሺር የገጠር ደብር አላቸው። ግማሽ ፍጻሜ እደርሳለሁ ብለው ስላላሰቡ ለእሑድ ተተኪ አላዘጋጁም። ቅዳሜ ተጫውተው በባቡር ወደ ሰሜን ሄዱ። እሑድ ሰበኩ። ሊሞት የተቃረበ ምእመን ነበርና ሌሊቱን አጠገቡ ቆዩ። ሰኞ በማለዳ ባቡር ተሳፍረው ከሰዓት ሜዳ ላይ ደረሱ፣ ደክመው፣ ምሳ ሳይበሉ። ያኔ ዝናብ ጣለ። ለሌሎቹ ችግር፣ ለቄሱ ሲሳይ። ጨዋታው ሲቋረጥ ቀመሱ፣ አረፉ፣ ተመልሰው አሸነፉ። ፍጻሜውንም አሸነፉ።

ፍጻሜው ላይ የተሸነፈላቸው አየርላንዳዊው ቪር ጉልድ ነው። የሱ ታሪክ ሌላ ነው። በ1907 ከሚስቱ ጋር ሞንቴ ካርሎ ቁማር ላይ ነበር። አንዲት ሀብታም መበለት ተገደለች፤ አስከሬኗ ማርሴይ ባቡር ጣቢያ በነሱ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ ፈረንሳይ ጊያና ውስጥ ካለው የእስረኞች ደሴት ተልኮ በ1909 እዚያው ሞተ። ከዊምብልደን ፍጻሜ ተጫዋቾች በነፍስ ግድያ የተፈረደበት እሱ ብቻ ነው።

የሬንሾ መንትዮችን በአጭሩ ልለፋቸው፣ ቡናው ሸተተኝ። ዊልያምና ኧርነስት። በ1861 የተወለዱት ሌሚንግተን ነው፣ የነጌም ክለብ ከተማ። ዊልያም ሰባት ጊዜ አሸነፈ፣ ስድስቱን በተከታታይ። ሰባቱን ያለፈው ወንድ ፌደረር ነው፣ በ2017። ስማሽን፣ ኳስን ከላይ ወደ ታች በኃይል መምታትን፣ አስፈሪ መሣሪያ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ቴኒስ ሰው ተሰልፎ ገብቶ የሚያየው ነገር የሆነው በነሱ ጊዜ ነው።

ሴቶቹ እስከ 1884 ጠበቁ። አየርላንድ በ1879 ቀድማ ነበር። ዊምብልደን 13 ሴቶች ገቡ። ፍጻሜው የእህትማማቾች ሆነ፤ የ19 ዓመቷ ሞድ ዋትሰን ታላቋን ሊሊያንን 6-8፣ 6-3፣ 6-3 አሸነፈች። ሽልማቱ የብር የአበባ ቅርጫት ነበር። ሁለቱም ነጭ ቀሚስ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ከውስጥ ወገብ የሚያጣብቅ ኮርሴት። በዚህ ልብስ ሦስት ዙር መጫወትን እስቲ ሞክሩት። በ1887 ሎቲ ዶድ 15 ዓመቷ ሆኖ አሸነፈች፤ እስከ ዛሬ በነጠላ ከእሷ የሚያንስ ሻምፒዮን የለም። ልጅ ስለሆነች ቀሚሷ አጠር እንዲል ተፈቅዶላት ነበር፣ እንደ ልቧ ሮጠችበት። አምስት ጊዜ ወሰደች፣ ሰለቻትና ተወችው። ከዚያ በ1904 የእንግሊዝ የሴቶች ጎልፍ ሻምፒዮን ሆነች፣ በ1908 ኦሎምፒክ በቀስት ብር አመጣች።

ሣጥኗ ግን ቀድማ ባሕር ተሻግራለች። ሜሪ አውተርብሪጅ የተባለች አሜሪካዊት በ1874 ቤርሙዳ ላይ የእንግሊዝ መኮንኖች ሲጫወቱ አይታ አንድ ሣጥን ይዛ ኒውዮርክ እንደገባች ይነገራል። ጉምሩኮቹ ምን እንደሆነ ስላላወቁት ያዙባት ይባላል። ጉምሩክ የትም ያው ነው። በ1881 አሜሪካኖቹ የራሳቸውን ሻምፒዮና ጀመሩ።

ሻለቃውስ? ቴኒስን ተወው። ብስክሌት ላይ ተጠመደ፣ ኋላ ደግሞ የምግብ አብሳዮች ማኅበር አቋቋመ። የሞተው ኤፕሪል 18፣ 1912 ነው። ታይታኒክ ከሰጠመች ሦስተኛ ቀኗ። ጋዜጦቹ ሌላ ወሬ ለማተም ቦታ አልነበራቸውም።

የወርፕል ሮድ ሜዳም በ1922 ክለቡ ወደ ትልቁ ቦታ ሲዛወር ተለቀቀ። ዛሬ የሴቶች ትምህርት ቤት መጫወቻ ነው።

ይኸው ቡናው መጣ። ያቺን ግማሽ ኳስ ማን ጋ ናት? መልሱልኝ እንጂ፣ ጨርቋን ልትልጧት ነው እንዴ?